ስም የሌላቸው ብልቃጦች

«ጨውና ስኳር አትለይም እኮ! እንዲህ ያለች ሴትዮ እጅ ላይ ልጅ ይጣላል? ባለፈው ያደረገችውን ታውቂ የለ፣ በመድኃኒት ልትገድላት ነበር! መዋዕለ ሕፃናቱ ሊዘጋ ነው፤ እሑድ አመጣልሻለሁ። አንቺው ጋ ትሁን፣ እኔም እንቅልፍ ይውሰደኝ።»

ይህን የተናገረችው የእትዬ መርፌ ምራት ናት፤ ለገዛ እናቷ፣ በስልክ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ለቅቃ። ውሃ ሲንሿሿ ወሬ የሚሸፈን የሚመስለው ዓይን ላለው ሰው ነው። እትዬ መርፌ ከግድግዳው ወዲህ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግር ካልሲ በእጃቸው እንደያዙ እያንዳንዷን ቃል እንደ ወደቀ ዶቃ ለቀሟት። ከሁሉ ያንገበገባቸው ደግሞ «አትለይም» መባላቸው ነበር። ፊት ለፊት «እማማ፣ ይቀመጡ፣ እማማ፣ አይድከሙ» የምትል ልጅ በር ስትዘጋ «እሷ» ትላለች። አንቱታዋ ለካ የእንግዳ ሰሃን ኖሯል፤ ሰው ሲመጣ የሚወጣ፣ ሲሄድ ቁም ሳጥን የሚገባ።

እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ሚጢጢ እሑድ ልትሄድ ነው። የሌላኛዋ አያት ከተማ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል፤ የልጅ ልብ ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ተመልሳ ስትመጣ «ይህች ሴትዮ ማን ናት?» ብትልስ? ትላለች። የአራት ዓመት ልጅ፣ ምን ይፈረድባታል! እትዬ መርፌ መቼም የሚሰጉበት አያጡም፤ ነፋስ ሲነፍስ ስለ መስኮቱ፣ ዝናብ ሲዘንብ ስለ ልጃቸው ጫማ፣ ፀጥ ሲል ደግሞ ለምን ፀጥ አለ ብለው ይሰጋሉ። የዛሬው ግን ስጋት ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ የሚግለበለብ ነገር ነበረበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የተወጉት እንዲህ ነው። ሚጢጢ ስታስል ባመሸችበት ቀን ልጅቷን ጭናቸው ላይ አቅፈው አፏን ያስከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ቀድታ በማንኪያ ያጠጣቻት ግን እናትየዋ። የሳል ሽሮፕ ነው ተብሎ የተቀዳው፣ አባትየው ጉንፋን ሲይዘው የሚወስደው፣ አዋቂን እንኳ ድብን አድርጎ የሚያስተኛ መድኃኒት ኖሮ ልጅቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰች። ሐኪም ቤት ሮጡ፤ እግዜር አተረፋት። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ «ማን ነው የሰጣት?» ስትል ምራት ለቅሶዋን ሳታቋርጥ «አያቷ ናቸው፤ አያዩም» አለች። አለቀ። «አያዩም» የሚለው ቃል ምስክርም ዳኛም ሆኖ ተቀመጠ። እትዬ መርፌ «እኔ አይደለሁም» ቢሉ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ «እማዬ፣ ማን ወቀሰሽ? ዓይንሽ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አላቸው። በጥፊ ቢመታቸው ይሻላቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግመው አልተናገሩም፤ የልጃቸው ትዳር በእናት ምላስ ፈረሰ እንዲባል አልፈለጉም። ዝም አሉ። ዝምታ ግን እንደ እርሾ ነው፤ ከድነው ቢያስቀምጡት ውስጥ ውስጡን ይነሣል።

ይባስ ብላ ምራት ከዚያ ጉድ በኋላ ማድ ቤቱን «ላስተካክለው» ብላ ተነሣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሚያምር ነገር ትወዳለች። ጨው የሚቀመጥበት ጎኑ የተጨረመተ ቆርቆሮ፣ ስኳር የሚቀመጥበት ጆሮው የተነቀለ ጣሳ፣ የእትዬ መርፌ እጅ የሚያውቀው ዕቃ ሁሉ ተጣለ። በምትኩ አንድ ዓይነት የመስታወት ብልቃጥ፣ አንድ ዓይነት ክዳን፣ ግንባሩ ላይ በቆንጆ ጽሑፍ የተለጠፈ ወረቀት ተደረደረ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ለዓይን ጌጥ ነው፤ ለጣት ግን ግድግዳ። መጀመሪያ መለያሽን ይወስዱብሻል፤ ቀጥለው አትለይም ይሉሻል።

«እማማ፣ ልንወጣ ነው። ምድጃውን እንዳይነኩ እሺ? ቴርሞሱ ውስጥ ሻይ አለ» አለች ምራት ከበሩ ላይ።

«አልነካም የኔ ልጅ። ሚጢጢን ካፖርቷን ቆልፊላት፣ ንፋስ አለ።»

«ቆልፌላታለሁ።»

አልቆለፈችላትም። የብረት ቁልፎቹ እርስ በርስ ሲንኳኩ ይሰማል። እትዬ መርፌ ጥርሳቸውን ነክሰው በፈገግታ ሸኟት። የእግሯ ኮቴ እንደራቀ ከመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ጠርሙሶች በሙሉ በፎጣ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አሳንሰሩ ውስጥ ከቁልፎቹ ጎን ያሉትን ነጥቦች በጣታቸው አነበቡና ምድር ቤት የሚለውን ተጫኑ። ልጃቸው አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ እነዚህን ነጥቦች ስንት ሕንፃ ላይ በገዛ እጁ ገጥሟቸዋል። እናቱ እንደምታነባቸው ግን አያውቅም። ቤተሰቡ በሙሉ እትዬ መርፌ ጠዋት ጠዋት የሚሄዱት ጡረተኞች ሻይ እየጠጡ ወሬ የሚሰልቁበት ቤት ይመስለዋል። ይምሰለው ብለው ተዉት።

የሚሄዱት ወደ ዓይነ ስውራን ማኅበር ጓሮ ነው። እዚያ ሴንትራል የሚሉት መምህር አለ፤ እሱም አያይም፤ ዕድሜውን በስልክ ማዞሪያ ቤት የፈጀ ሰው ነው። ሴንትራል የመማሪያ መጽሐፍ አይወድም። «መጽሐፉ 'ፀሐይ ከወደ ምሥራቅ ወጣች' ይላል። ብትወጣስ! እኔ የምፈልገው ሻዬ ውስጥ የገባው ስኳር ይሁን የሳሙና ዱቄት ማወቅ ነው» ይላል። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ከቤቱ የሚጠቀምበትን ይዞ ይመጣል፤ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ፣ የክር ጥቅል፣ የክኒን ካርቶን፣ የመጫወቻ ካርታ። ስሙን በብሬል፣ በነጥብ ጽሕፈት፣ ወግቶ ይለጥፍበታል፤ ሴንትራል ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ይደባልቀዋል። ደንቡ አንድ ነው፤ አሳስቶ ያነሣ ያነሣውን ይቀምሳል። ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር በቀደም የጫማ ቀለም አንሥቶ «ፍሬኑን ረግጬ ነበር፣ አልያዘልኝም» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶታል።

ፊደል በፊደል የሚጻፈውን ረጅሙን ብሬል እትዬ መርፌ ቶሎ ያዙት። ያስቸገራቸው አጭሩ ነው፤ አንድ ምልክት ብቻውን ሲቆም ሙሉ ቃል የሚሆንበት፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲገጥም ደግሞ ጠባዩን የሚለውጥበት። «ማሳጠሩ ለምን አስፈለገ? የምን ጥድፊያ ነው?» ብለው ነበር መጀመሪያ። ሴንትራል የብልቃጥ ክዳን እጃቸው ላይ አኖረና «እስቲ 'የመጋገሪያ ዱቄት' ብለው በረጅሙ ይጻፉልኝ» አለ። ቃሉ ሳያልቅ ክዳኑ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም። ሌላው ጣጣ ጣታቸው ነው። ጠቋሚ ጣታቸው ስንት ዘመን መርፌ ሲገፋ የኖረ ስለሆነ ጫፉ እንደ ጫማ ቆዳ ደድሯል፤ ነጥብ ቢነካ አይሰማውም። በግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ማንበብ ለመዱ። በመውጋቱ ግን የሚቀድማቸው የለም። ስሌት በሚሉት ቀዳዳማ ብረት ላይ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ሲገለበጥ ነው የሚነበበው። ሌላው ተማሪ በዚህ ሲናወዝ እሳቸው «ልብስስ በውስጡ ተሰፍቶ አይደል የሚገለበጠው?» አሉ፤ በቃ።

ዛሬ ሰላምታም በወጉ አልሰጡ። ማኅበሩ ከሐኪም ቤት እየለመነ ከሚያመጣው አሮጌ የራጅ ፊልም አንዱን ሳቡ። የማን ደረት እንደሆነ አይታወቅም፤ ውሃ አያበላሸውም፣ ነጥቡም አይረግብበትም። በመቀስ እንደ ሪባን ሸነሸኑትና ይወጉ ጀመር።

«እትዬ መርፌ» አለ ሴንትራል አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ዛሬ አወጋግዎ የጽሑፍ አይመስልም። ሰው የሚወጉ ነው የሚመስለው።»

«ጨው ነው የምጽፈው።»

«ጨው እንዲህ አይጮኽም። ማን ነካዎት?»

ነገሩት። ሲነግሩት ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ወስፌ የመሰለችው መውጊያ ግን አላረፈችም። ብልቃጦቹ ላይ ያለውን የምራትን ወረቀት ልጠው ጥለው በምትኩ ይህን ሊለጥፉ እንደሆነ፣ እስቲ ማን ጨውና ስኳር እንደማይለይ እንደሚታይ ነገሩት። ሾፌሩ ከጥግ «ይበሏት!» አለ። ሴንትራልም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ።

«መድኃኒቱንም ይልጡታል?»

እትዬ መርፌ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡ። ቦርሳቸው ውስጥ ጠርሙሶቹ ተንኳኩ።

«እኔ የስልክ ሰው ነኝ» አለ። «መስመር የሚቆርጥ ሰው በዚያው መስመር አምቡላንስ የሚጠራ እንዳለ ማወቅ አለበት።»

ከዚያ ወጥተው መንገድ ማዶ ፋርማሲው ጋ ገቡ። ፋርማሲስቷ ጠርሙሱን እያነሣች ታነባለች፣ እሳቸው ባንኮኒው ላይ ስሌታቸውን ዘርግተው ይወጋሉ፤ የማን እንደሆነ፣ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ። ይህ ሁሉ በአጭሩ ብሬል ከአንድ ጣት የማይበልጥ የራጅ ፊልም ክር ላይ አረፈ። ከኋላቸው ሰልፉ ያጉረመርማል፤ እሳቸው ግን አልቸኮሉም።

«ይህችኛዋ ሽሮፕ ደግሞ ዋጋ ጨመረች እማማ» አለች ልጅቷ ለጨዋታ ያህል።

«ምን ያልጨመረ አለ? የምንቀንሰው እኛ ብቻ ነን።»

ቤት እንደገቡ ሙቅ ውሃ በሳህን አቀረቡ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከፍተው እየቀመሱ ለዩ። ምስሩን፣ ሩዙን፣ ቡና ዱቄቱን ተዉት፤ እነሱን ዓይን ያለው በዓይኑ ይለያቸዋል። የመረጡት ነጭ ነጩን ነው፤ ጨው፣ የላመ ስኳር፣ የመጋገሪያ ዱቄት፣ የወተት ዱቄት፣ ስታርች። ወረቀቱ በሙቁ ውሃ ሲርስ በጥፍራቸው ጫፍ ይዘው ሳቡት፤ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተገሽልጦ መጣ። ሙጫውንም አሹት፤ ምንም ትራፊ እንዳይቀርለት አሹት። ደስታቸው ጣታቸው ድረስ ተሰማቸው። በየክዳኑ ዙሪያ የራጅ ክራቸውን በላስቲክ አሰሩ፤ ያልታወቀ ሰው ጎድን አጥንት እየዞረ የጨውና የስኳር ስም ሆነ። ቦታቸውንም እንዳሻቸው አቀያየሩት።

ቀጥለው የመድኃኒቱን ጠርሙሶች ወደ ሳህኑ ሳቡ። አንዱን አነሡ፤ ወረቀቱ ጫፉ ላይ ላላ ብሎ ነበር፤ ጥፍራቸው ከሥሩ ገባ። ትዳብስ፣ አሉ በልባቸው። ልጇ ስታስል እሷም እንደኔ በየጠርሙሱ ላይ ትዳብስ፤ «እማማ፣ የቱ ነው?» እያለች እግሬ ሥር ትንበርከክ። ይህን በደንብ አዩት፤ ዓይናቸው በነበረ ጊዜ ካዩት ሁሉ አጥርተው አዩት። ከዚያ እሳቸው ሱቅ ሄደው ሚጢጢ ሳሏ ሲነሣባት ታያቸው። እጃቸው ተያዘ። የተነሣውን የወረቀት ጫፍ በምራቃቸው አርሰው መልሰው ተጫኑት፤ እስኪደርቅ ድረስም አውራ ጣታቸውን አላነሡም። ጠቡ የትልልቆቹ ነው። የራጁን ክር ከወረቀቱ በታች የጠርሙሱ ወገብ ላይ አሰሩት፤ የታተመውም ያልታተመውም አብረው ቆሙ።

ማታ ምራት ካፖርቷን ሳታወልቅ የቲማቲም ሾርባ ጣደች። ልጃቸውም ገባ፤ ሚጢጢ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች። እትዬ መርፌ የማድ ቤቱ ወንበር ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው ጭምት ብለው። ምራት እጇን ወደ መደርደሪያው ሰደደች። አንዱን አነሣች፤ አስቀመጠች። ሌላ አነሣች።

«ወረቀቱስ?» አለች።

ድስቱ ይፈላል። ደክሟታል፣ ርቧታል፤ በሙሉ ልብ አንዱን ከፍታ በማንኪያ አፈሰችና ጨመረች። የመጋገሪያ ዱቄት ኖሮ ሾርባው ሽው ብሎ ተነሣ፤ አረፋው ድስቱን ሞልቶ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፤ ቤቱን የተቃጠለ ቲማቲም ሸተተው። ባልየው ሮጦ መጥቶ አየና ሳቁን መያዝ አልቻለም።

«ምን ጨመርሽበት? የሳሙና ዱቄት ነው እንዴ?»

«አትሳቅ! ሆን ብለው ነው! እማማ፣ እርስዎ ነዎት አይደል? ምን አደረግኩዎት?»

«ጨውና ስኳር የማይለይ ሰው እቤት ውስጥ አለ ሲባል ጠዋት ሰማሁ» አሉ እትዬ መርፌ ተረጋግተው። «ማን እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

የልጃቸው ሳቅ ጠፋ። ወደ መደርደሪያው ተጠጋ፤ ክዳኑ ላይ ያለውን ክር ሲነካው ይሰማል። እሱ እነዚህን ነጥቦች ያውቃቸዋል፤ ምን እንደሚሉ ባያውቅም ምን እንደሆኑ ያውቃል። «እማዬ፣ ይሄን ማን ጻፈልሽ?» አለ። «ማን ይጽፍልኛል? ራሴ ነኝ።» አላመናቸውም። አለማመኑንም መሸፈን አልቻለም። ሄዶ የመድኃኒቱን ሣጥን አመጣና ጠርሙሶቹን አቀያይሮ ፊታቸው ደረደረ። እትዬ መርፌ የቀለበት ጣታቸውን አሳረፉ። ጣቲቱ በአንድ ሽርተቴ ሄደች፤ እንደ ድሮው ፊደል በፊደል አልተደናበረችም። «ያንተ የጉንፋን። ለአዋቂ ብቻ። ሲተኙ አንድ ማንኪያ» አሉ። ሌላውን ሳቡ። «የሚጢጢ የሳል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ።» ልጃቸው የታተመውን እያየ ያመሳክራል። የመጨረሻውን ጠርሙስ እስኪያነቡ ጠበቀና ማስቀመጫ እንዳጣ ሰው በእጁ ይዞት ቀረ።

«እንግዲህ ልጄን ለማያይ ሰው አልተውም የሚባለው…» ብሎ ጀመረ።

«አሁን ቢችሉ ምን ይሆናል!» አለች ምራት ድምፅዋ ከፍ ብሎ። «ያኔ አይችሉም ነበር!»

«ያኔ ማን ነበር የቀዳው?» አሉ እትዬ መርፌ።

«ምን ላድርግ፣ መብራት ጠፍቶ ነበራ! በጨለማ ሁለቱም ጠርሙስ አንድ ነው! ማንም ሰው ቢሆን ይሳሳታል!»

ምድጃው ላይ የፈሰሰው ሾርባ ብቻ ይንጨጨራል። ልጃቸው አሳንሰር የትኛው ፎቅ ላይ እንደቆመ ለማወቅ ገመዱን እንደሚያዳምጥ ሁሉ የተባለውን አዳመጠ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ለእማዬ መብራት ምን ይሠራላታል?»

እትዬ መርፌም ይህን ሲሰሙ ገና አሁን ነው። መብራት መጥፋቱን ያኔ ማን ነግሯቸው! ማቀዝቀዣው ማጉረምረሙን አቁሞ እንደነበር ግን አሁን ትዝ አላቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስልኳን እያየች ቀድታ ይሆናል፣ ቸኩላ ይሆናል፣ ንቃ ይሆናል ሲሉ ነበር የከረሙት። ለካ በጨለማ ስትዳብስ ነው፤ ልክ እንደ እሳቸው። ለአፍታ ሊያዝኑላት ምንም አልቀራቸው። ሐዘኑ ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ ግን የሐኪም ቤቱ «አያዩም» ቀድሞ ቆሞ ጠበቀው።

«ፈርቼ ነው» አለች ምራት እያለቀሰች። «እናቷ ሆኜ እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ልናገር?»

«በኔ አፍ ተናገርሽው።»

ልጃቸው ጠርሙሱን አስቀመጠ። እጁን እናቱ ትከሻ ላይ አደረገ፤ እንደገና አነሣው። «እሑድ የትም አይኬድም» አለ በመጨረሻ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ሚጢጢን አቅፎ አመጣና እናቱ ጭን ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ ከሩጫዋ ትኩስ ነበረች፤ ላብ ላብ፣ ብስኩት ብስኩት ትሸታለች። እትዬ መርፌ አገጫቸውን አናቷ ላይ አሳርፈው አጥብቀው ያዟት፤ የሚነጥቃቸው እንዳለ።

«እማዬ፣ ወተት» አለች ሚጢጢ። «በስኳር።»

ምራት አፍንጫዋን ጠረገች። ወተቱን አሞቀች፣ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳች፤ ከዚያ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ባሏ አልተንቀሳቀሰም።

«እማማ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «ስኳሩ የትኛው ነው?»

እትዬ መርፌ የሚጢጢን እግር ጭናቸው ላይ አደላደሉ። የካፖርቷን ቁልፎች እየቆለፉ ነበር፤ ቤት ውስጥ ቢሆኑም።

«ቅመሽ» አሉ። «ምላስ እንደሁ አላነሰሽም።»

ከዳር ያለው ክዳን ሲፈታ ሰሙ። እዚያ ያኖሩት ጨው ነው። ዝም አሉ።